ልመዱት የተባልነው ውሃ

ባለፈው ጥር ለጉልበቴ ብዬ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄጄ ነበር። ሰው በዝቶ ስለነበር ተራዬ እስኪደርስ ከመታጠቢያው በሚወጣው ቦይ ውስጥ እግሬን ነክሬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሽማግሌ ሁለት ሰዎች ደግፈውት መጣና ፊት ለፊቴ አረፍ አለ። መልኩ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ያወቅኩት ድምፁን ስሰማ ነው። «ጥሩወርቅ! አንቺ የተማርሽው! እንዴት ሰነበትሽ?» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን አቶ ደሴ፣ እርስዎ እንዴት ሰነበቱ?» አልኩት። ፊት ለፊት አንቱ እላለሁ፤ አሳዳጊ አልበደለኝም። በልቤ ግን አንቱታውን ከነሳሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። እሱ ወደ ደጋፊዎቹ ዞረና «ይቺ እኮ በቤንዚን ውስጥ የሚኖሩ እንስሶች አሉ ብላ ያስተማረችን ናት» ብሎ ሳቀ። ሰዎቹም ሳቁ። «ዛሬስ አሉ እነዚያ እንስሶችሽ?» ብሎ ጨመረበት።

ደሜ ፈላ። እንስሶች ያለው በወጣትነቴ ያጠናኋቸውን በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ነው፤ ባክቴሪያ የምንላቸውን። ያን ያህል ዘመን አልፎ፣ ጥርሱ ረግፎ፣ ጉልበቱ ከድቶት፣ አሁንም ያችኑ ቀልድ ይዞ ይዞራል። እህቴ ውዴ ከሞተች ሴት ልጇ አድጋ ልጆች ወልዳለች። ይህ ሰው «ልመዱት» ያለን ውሃ ነው የገደላት ብዬ በመስቀል አልምልም፤ ለመማል የሚያበቃ ምርመራ ማንም አላደረገልንም። ግን ያን ውሃ ጠጥታለች፤ ልመጂው ያላትም እሱ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እሱማ ቢረሳው ምን ነበረበት፤ እሱ መሳቂያ አድርጎ አስቀመጠው።

ያን ዘመን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ መንደራችን ቁሐር አይደለም፣ ወረታ ናት። ወረታ ያኔ አንድ መንገድና የመንገዱ አቧራ ነበረች። ከጎንደር የሚወርደውና ከባሕር ዳር የሚወጣው አውቶቡስ ሁለቱም እዚያ ቆመው ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ ማቆሚያው አጠገብ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ ከፓስቲ ጋር በስሙኒ። ባለቤቷ የነበረው ቴፕ አንድ ብቻ፣ ካሴቱም አንድ ብቻ ነው፤ ክሩ ከመጎተት ብዛት ረዝሞ ዘፋኟ የሰከረች ይመስል ነበር። እኛ ግን ያንኑ እየሰማን እንባችን ይመጣል። ወንዶቹ ከታች ሰፊ የሆነ ሱሪ ለብሰው መንገዱን ይጠርጉታል፤ እኛ ሴቶቹ ሻሽ አስረን፣ ኮንጎ ጫማችንን በሳሙና አጥበን፣ ከቤት አንድ እርምጃ ሳንወጣ አቧራ እንለብሳለን። ለሰርግ የተሸመነ ነጠላ ላይ የፀጉር ቅቤ ሲነካበት በጨርቅ ቤንዚን ነክረን እናሸው ነበር፤ ቅቤው ወዲያው ይለቃል። የቤንዚን ሽታ ያኔ የደስታ ሽታ ነበር፤ ወይ ሰርግ አለ፣ ወይ መኪና መጥቷል። ዛሬ እዚያው ማዕዘን ላይ ቤንዚን በሃይላንድ ተሞልቶ እንደ ማር ተደርድሮ ይሸጣል፣ ባጃጁ ይጋፋል፣ እኔ ደግሞ አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ አልፋለሁ። ልጆቹ ዛር ያለብኝ ይመስላቸዋል።

ሩዝ ያን ጊዜ ገና እንግዳ ነበር። ፎገራ የከብትና የጓያ አገር ናት፤ ሩዙን መጀመሪያ ሲያዩት «ይህስ የወፍ ቀለብ ነው» ያሉ ሰዎች አሉ። እናቴ እንደ ገንፎ አገንፍታ በቅቤ አቀረበችልን፤ አባቴ ቀመሰና «አይከፋም፣ ግን ምግብ ሲመጣ ጥሩኝ» አለ። እንዲያ ሲቀለድበት የነበረው ሩዝ ነው ዛሬ አገሩን ሁሉ የያዘው። ከሩዙ በኋላ የበጋ ሽንኩርት መጣ፣ ከሽንኩርቱ ጋር የውሃ ሞተር መጣ፣ ሞተሩን የሚያከራይ ማኅበር ተቋቋመ፣ አቶ ደሴም የማኅበሩ ሊቀመንበር ሆነ። ካኪ ኮት ይለብሳል፤ ከደረት ኪሱ የማይጽፉ ሁለት እስክሪብቶዎች ይታያሉ። ሞተሮቹ በበጋ ሲጮሁ ሜዳው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይለን ነበር።

ለማያውቀው ሰው ስለ ጉብታ ልንገር። የቁሐር ሜዳ ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል። ስለዚህ ጎርፍ እንዲወስድብን የማንፈልገውን ነገር ሁሉ ጉብታ ላይ እናወጣለን፤ እህሉን፣ ጥጃውን፣ ድርቆሹን። የመጠጥ ጉድጓድም የሚቆፈረው እዚያው ነው፤ ሜዳ ላይ ቢቆፈር ጎርፍና የከብት እበት ይሞላዋላ። በእኛ መንደር ጉብታው አንድ ብቻ ነው፤ የውዴ ቤትም ጉድጓዱም እዚያ ላይ ነበሩ። ማኅበሩ የቤንዚንና የናፍጣ በርሜሎቹን ሲያመጣ የት አስቀመጣቸው? ጉብታው ላይ። ከክፋት አይደለም፣ ይህን እመሰክራለሁ፤ ውድ ነገር ወደ ላይ ይወጣል ነው ልማዱ። አባቶቻችን ለእህልና ለጥጃ ያወጡት ልማድ ለበርሜል አልተሠራም ነበር። በርሜል ይዝጋል፣ ቤንዚን ሲቀዳ ይፈሳል፣ አፈሩ ይጠጣል፣ ጉድጓዱ ደግሞ ከአፈሩ ይጠጣል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ ሴቶቹ በመጀመሪያው ዓመት አውቀውታል።

እኔ በዚያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። ውዴ «ውሃችን ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል» ብላ የላከችብኝን መልእክት ስሰማ፣ ከበርሜሎቹ ሥር በጠርሙስ አፈር ወሰድኩና ጥናቴን በእሱ ላይ አደረግኩ። በዚያ በናፍጣና በቤንዚን በተለወሰ አፈር ውስጥ ምንም የሚኖር አልመሰለኝም ነበር፤ ግን የሚኖር አለ። የባክቴሪያ ቆዳ ቅባት ነው። ቤንዚን ቅቤውን ከነጠላው እንደሚያላቅቀው ያንንም ቆዳ ያላላዋል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ይፈሳል፣ ፍጥረቲቱ ትሞታለች። አንዳንዶቹ ግን መላ አላቸው። ቆዳቸውን ከሠሩት የቅባት ዘንጎች ውስጥ ጎባጣዎቹን እዚያው በተተከሉበት ቀጥ ያደርጓቸዋል፤ ቀጥ ያለ ዘንግ ከጎኑ ካለው ጋር ተጠጋግቶ ይቆማል፣ ቆዳው ይጠብቃል፣ ቤንዚኑም እንደልቡ አይገባም። ይህን የሚያደርጉት እኛ ሻይ ጠጥተን በማንጨርስበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወለዱት ደግሞ ቆዳቸውን ከመጀመሪያው ጠንከር ባለ ቅባት ይሠሩታል። የመጀመሪያ ቀን ይህን ሳይ ደግሜ ደጋግሜ ቆጠርኩ። ከኛ መንደር አፈር እንዲህ ያለ ጉድ!

ለእረፍት ስመጣ ሴቶቹ ያዙኝ። «አንቺ ተምረሻል፣ አንቺ ንገሪልን» አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሚካኤል ደጅ ሾላው ሥር ስብሰባ ተጠራ። መጀመሪያ የተናገረችው ውዴ ናት፤ ልጇን አዝላ፣ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች። «እንጀራው ይሸታል፣ ጠላው ይሸታል፣ የዚህች የልጄ ራስ ሳይቀር ይሸታል። በርሜላችሁን አንሱልን» አለች። አቶ ደሴ ኮቱን አስተካከለና «የት ላድርሰው? ሜዳ ላይ ባወርደው ክረምቱ ይወስደዋል» አላት። «ወረታ አውራ ጎዳናው ዳር አድርጉት፣ እዚያ ውሃ አይደርስ።» «ወረታ ድረስ ማን ያመላልስ?» አለ። የእሱና የወንድሞቹ የሽንኩርት መደብ ከጉብታው ግርጌ እንደነበር የማያውቅ ሰው በስብሰባው ላይ አልነበረም፤ የሚናገረው ግን ጠፋ።

እኔ ተነሳሁ። በቃል ብቻ እንዳይሆን ብዬ ከአጥሩ ጎባጣና ቀጥ ያለ እንጨት ለቅሜ መሬት ላይ ተከልኩ። «ይኸው፣ ጎባጣው መሐል ዶሮ ታልፋለች፤ ቀጥ ቀጡ መሐል አታልፍም። ባክቴሪያዋ በቤንዚን ውስጥ የምትኖረው አጥሯን እንዲህ አጥብቃ ነው» አልኳቸው። ቀጥዬ ልል የነበረው ይህ ነው፤ አጥሩ ሲጠብቅ ምግብም እንደልቡ አይገባም፣ የተረፈችው ከስታና ዘግይታ ነው የምትኖረው፤ የሰው አጥንትና ጉበት ደግሞ ይህን መላ አያውቅም። አቶ ደሴ እስከዚያ አላደረሰኝም። «ቆይ ቆይ ቆይ!» ብሎ አጨበጨበ። «ሰማችሁ? በዓይን የማትታይ ተባይ እንኳ አጥሯን ጠግና ትኖራለች! እናንተ ከተባይ ታንሳላችሁ? ልመዱት!» አለ። ወንዶቹ ሳቁ። ግማሹ ደስ ብሎት፣ ግማሹ በመጪው በጋ ሞተር እንዳይከለከል ፈርቶ።

የደብሩ መምህር የኔታ አላምረው ብቻ አልሳቁም። መቋሚያቸውን ተደግፈው «ልጄ፣ አጥሩን ሳይጠግን የቀረውስ?» ብለው ጠየቁኝ። «ይሞታል የኔታ። ብዙው ይሞታል። እኔ ያየሁት የተረፈውን ነው» አልኳቸው። «እንግዲያ ለሞተው ማን ይናገርለታል?» አሉ። አቶ ደሴ ሱሪውን አራግፎ ተነስቶ ነበር፤ ሊቀመንበር ሲነሳ ስብሰባ ያልቃል።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው «ባትናገሪው ይሻል ነበር» ይሉኛል። አልቀበልም። እውነቱን ነው የተናገርኩት፤ ቆርጦ የወሰደው ሌላ ነው። ቢላዋ የያዘው ሰው እያለ ዳቦውን መውቀስ ምን የሚሉት ፍርድ ነው? በርሜሎቹ ከዚያ በኋላም ዓመታት እዚያው ቆዩ። በመጨረሻ የተነሱትም ለውሃው ተብሎ እንዳይመስላችሁ። ዘመን ተለወጠ፣ ማኅበሩ ፈረሰ፣ ሰው በርሜሉን እየተናጠቀ ወሰደና ጠላ ጠመቀበት።

በሌላ ዓመት ለሚካኤል ንግሥ መጣሁ። ውዴ ጠላ በብርጭቆ ሞልታ ሰጠችኝ። ገና ወደ አፌ ሳስጠጋው ቤንዚኑ ዓይኔን አቃጠለው፤ መልሼ አወረድኩት። «ምነው ጥሩዬ? ከተማው አፍሽን አጠበው? ውሃችንን ናቅሽው?» አለች። «እታለም፣ ይሸታል እኮ!» አልኳት። «ምኑ? ኧረ አይሸት! ድሮ ነበር የሚሸት፣ አሁንማ ትቶታል።» ባሏን አየሁት፣ ጎረቤቶቹን አየሁ፤ ሁሉም እየጠጡ ነው፣ ሁሉም በመገረም ያዩኛል። ውሃው አልተወውም፤ የተዉት እነሱ ናቸው። አፍንጫቸው ሰልችቶት ሥራውን አቁሟል። ጉማራ ወንዝ ሩቅ ነው፣ የሜዳው ውሃ ጭቃ ነው፣ ታዲያ የት ይሂዱ? ውዴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊቴ ቆማለች፤ እህት በእጇ የሰጠችውን መልሶ መስጠት በእኛ ዘንድ ፊቷ ላይ እንደ መትፋት ነው። ጨልጬ ጠጣሁት። ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም፤ የምናደድበት ሰው ደግሞ አጠገቤ አልነበረም።

ከዚያ ውዴ መንጣት ጀመረች። ድዷ ይደማል። ልጇ ክንዷን ይዛ ስትንጠለጠል የጣቶቿ ምልክት ጠቁሮ ይቀራል። ጠበል አስገቧት፤ ወረታ መርፌ ወጓት። ኋላ እኔ ጎንደር ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት፣ ትሑት ሰው ነበር፤ አጥንቷ ደም መሥራት አቁሟል አለኝ። «ሥራዋ ምንድን ነው? ቤንዚን፣ ቀለም፣ የተባይ መድኃኒት የመሳሰለ ነገር ትነካለች?» ብሎ ጠየቀኝ። «ትጠጣለች» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ የምቀልድ መስሎታል። ደሜን ሰጠኋት፣ ወንድማችንም ሰጣት፤ የኛ ደም ሲገባላት ጥቂት ቀን ጉንጯ ቀላ ይልና እንደገና ይነጣል። «ቤቴ ውሰዱኝ፣ የራሴን ውሃ ልጠጣ» ትለኝ ነበር። ወሰድናት። ቁሐር ሚካኤል ቀበርናት። ባሏ ከሰልስቱ በኋላ ያን ጉድጓድ ለብቻው ሲደፍን ዋለ፤ ማንም አልረዳውም፣ ማንም አልከለከለውም።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ወረታ ነው የምኖረው። አንዳንዴ ስብሰባ ይጠሩኛል። ወጣቶቹ በስላይድ ያሳያሉ፤ ሽንኩርቱ ላይ ስለሚረጨው መድኃኒት፣ ስለ ጎርፉ፣ ስለ ሐይቁ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር አይቀርም፤ «የማኅበረሰቡ የመቋቋም አቅም የሚደነቅ ነው» ይላሉ። እጄን አወጣለሁ። «የተቋቋመውን ቆጥራችኋል፤ ያልተቋቋመውንስ?» እላለሁ። ሰብሳቢው «ጥሩ አስተያየት ነው፣ እናመሰግናለን» ይለኛል። ከዚያ ምሳ እንበላለን። አሁን ካኪ የሚለብስ የለም፣ ቋንቋውም ሠልጥኗል፤ ነገሩ ግን ያው «ልመዱት» ነው። ድሃ የቻለውን ሁሉ መቻል እንዳለበት የሚያስብ ሰው በየዘመኑ ወንበር አያጣም።

እንግዲህ ወንዛዬ ላይ ያ ሰው ሲስቅ ይህ ሁሉ ነው የመጣብኝ። ጨዋታ ለመቀየር ነው መሰለኝ፣ «ውዴስ? ያቺ ምላሳሟ እህትሽ ደህና ናት?» አለኝ።

አላወቀም። ከአንድ ሜዳ ወጥተን፣ በአንዱ የይፋግ ገበያ እየተገበያየን፣ ሞቷን አልሰማም፤ ወይ ሰምቶ አልያዘውም። የትኛው እንደሚብስ እስካሁን አላውቅም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኩት፤ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ እየሰማ። ድዷን፣ ክንዷ ላይ የነበረውን የጣት ምልክት፣ ሐኪሙ የጠየቀኝን፣ የመለስኩለትን። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። «እኔ ምን አውቄ? ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ማን ያውቅ ነበር?» አለ። «እሷ ታውቅ ነበር። ቆማ ነግራዎታለች» አልኩት።

ከዚያ ደጋፊዎቹን ይዞ ከድንጋዩ ተነሳና፣ ጎንበስ ብሎ «ይቅር በይኝ ልጄ። እኔም ሞት ደጄ ነው» አለኝ። የከበቡን ሰዎች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ሽማግሌ እንደ ጠበል በሚከበር ፍል ውሃ ይቅርታ ሲለምን መልሱ አንድ ነው፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባላል፣ ሁሉም ያን እየጠበቀ ነው። አጠገቤ የነበረች ባልቴት ክርኔን ነካ አድርጋ «በይ እንጂ እናቴ፣ ሆድሽን አስፊ» አለችኝ። ሆዴን መረመርኩት። ለራሴ የማዝነውን ይቅር ብዬው ነበር፤ ስብሰባ ላይ ያሳፈረኝን፣ ሳይንሴን ቀልድ ያደረገብኝን። የቀረው ግን የኔ አልነበረም።

«ይቅርታውን ከእሷ ይለምኑ አቶ ደሴ» አልኩት። «ቁሐር ሚካኤል ናት፣ ከቤተ ልሔሙ በስተጀርባ። ልጇ ታሳይዎታለች።»

«እዚያ ድረስ እግሬ አይችልም» አለ።

«እንግዲያ ይቆይ» አልኩት፤ ተራዬን ለባልቴቷ ለቅቄ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ።